አባል ያልሆነችው

«አባል ያልሆነ ሰው እዚህ ስብሰባ ላይ የመናገር መብት የለውም» አሉ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሰብሳቢ መምህር ልመንህ። «ኮሚቴው ስለፈቀደልሽ ተቀምጠሽ ትሰሚያለሽ። ወደ ውሳኔ ስንገባ ግን ትወጫለሽ።»

«እሺ» አለች ዘቢደር።

በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የንፋስ መውጫ ከተማ ብርድ በበሩ ስር ይገባል። ኮሚቴው የተሰበሰበው ጓደኛዋ ዮዲት ያለ ፈቃድ ከትምህርት ስለቀረች ትሰናበት ወይስ አትሰናበት ብሎ ሊወስን ነው።

ዮዲት ለምን እንደቀረች ከተማሪዎቹ የምታውቀው ዘቢደር ብቻ ናት። ስማዳ ያሉት ቤተሰቦቿ ሊድሯት ቀን ቆርጠዋል። ከትምህርት ቤት በር ላይ ይዘዋት እንደሚሄዱ ስትሰማ ከተከራየችበት ክፍል ወጥታ እነዘቢደር ጓዳ ተደበቀች። «ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ» ብላ አስምላታለች። ዘቢደር ግን ዛሬ የመጣችው መሐላውን ልታፈርስ ነው። ዮዲት ከተባረረች መሄጃዋ ስማዳ ብቻ ይሆናል።

ቀና ብላ አባላቱን አየች። በወላጆች ተወካይ ወንበር ላይ የተቀመጡት አቶ ፋንታዬ ናቸው፤ የዮዲት አጎት። ሽማግሌ ተቀብለው ጋብቻውን የጨረሱት እሳቸው ናቸው። የኮሚቴው አባል መሆናቸውን አታውቅም ነበር።

የባዮሎጂ መምህርቷ ዝናሽ እጃቸውን አወጡ። «ልጅቷ የመጣችው የምትለው ቢኖራት ነው። እንድትናገር ይፈቀድላት።»

ቀድመው የደገፉት አቶ ፋንታዬ ናቸው። «ትናገር እንጂ። የት እንደገባች ጠፍቶን እኛም ጨንቆናል።»

ተፈቀደላት። ዘቢደር ተነሣች።

«ዮዲት የቀረችው ወዳ አይደለም።»

«ታዲያ ለምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«ምክንያቱን… ነገሩ የሚመለከታቸው ሰው ባሉበት መናገር አልችልም።»

«አባል ያልሆነ ሰው አባል ይውጣልኝ ሊል አይችልም። ወይ ተናገሪ፣ ወይ ውጪ።»

«ንገሪን እንጂ ልጄ» አሉ አቶ ፋንታዬ በለሰለሰ ድምፅ። «የት ናት?»

ብትናገር ዮዲትን ዛሬውኑ ይወስዷታል። ዝም ብትል ያባርሯታል።

«እወጣለሁ» አለች።

ደጅ ግድግዳውን ተደግፋ ቁጢጥ አለች። ከውስጥ ድምፅ ይሰማታል፤ ቃሉ ግን አይለይም። እንባዋን በሹራቧ እጅጌ ስትጠርግ በሩ ተከፈተና መምህርት ዝናሽ ወጡ።

«አባረሯት ቲቸር?»

«አልተወሰነም፤ ለሚቀጥለው ስብሰባ እንዲተላለፍ በስንት ክርክር አሳመንኳቸው። እስከዚያ ምክንያቱ ካልቀረበ ግን ትሰናበታለች።»

አቶ ፋንታዬም ተከትለው ወጡ። ከግቢው በር ላይ ቆመው ባጃጅ ጠሩና ወደ ዘቢደር ዞር አሉ።

«ወደ ቤት ነሽ? ነይ ላድርስሽ። እግረ መንገዴን ቤታችሁን አየዋለሁ።»

ዘቢደር ወደ መምህርቷ ተጠጋች።

«አይ፣ ከቲቸር ጋር ሥራ አለን» አለች።

መምህርት ዝናሽ አንዴ እሷን፣ አንዴ ሰውየውን አዩ። ምንም ሳይጠይቁ የቤተ ሙከራውን በር ከፈቱላት። ዘቢደር ቀድማ ገባች፤ በሩ ከኋላቸው እስኪዘጋም ጠበቀች።

«ቲቸር» አለች፣ «ዮዲት እኛ ቤት ናት።»