መሬት የማይነካው ቀፎ

ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከሸቤ በላይ ያለውን ደን ጭጋግ ውጦት ካፊያ ይወርድ ነበር።

ፈድሊያ አጎቷን ዳባን ተከትላ ወደ ደኑ ገባች። አጎቷ በትከሻቸው አዲስ የቀርከሃ ቀፎ ተሸክመዋል፤ ውስጡ በወይራ ጭስ ታጥኗል። በመንደራቸው ሕግ ደኑ የሁሉም ነው፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ግን ቀፎ የሰቀለበትን ክፍል ይጠብቃል። በየመስከረሙ ሽማግሌዎች ወሰኑን በእግር ይዞራሉ። ቀፎ ያጡበትን ክፍል ጠባቂ የለውም ይላሉ። ባለፈው ክረምት ዐውሎ ነፋስ የአባቷን ቀፎ ወሰኑ ላይ ካለው ረጅም የቀረሮ ዛፍ አወረደው፤ አባቷም በዚያው ሰሞን አረፉ። አንድ የከተማ ነጋዴ «ባዶ ደን ነው፤ መንጥሬ ቡና ልትከል» ብሎ አመለከተ። ዛሬ እኩለ ቀን ላይ ሽማግሌዎቹ ከወረዳው ሰው ጋር ቀረሮው ሥር ይደርሳሉ።

ሌላም ሕግ ነበር። ቀፎ ከቤት ከወጣ እስኪሰቀል መሬት አይነካም፤ ከነካ ወደ ቤት ይመለሳል። ተሸካሚው «ያዝልኝ» ካለ ደግሞ የተጠየቀ ሁሉ ይቀበላል፤ ባላጋራም ቢሆን።

ወንዙ ደፍርሶ ሞልቷል፤ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል። ሐረግ ጨብጠው ገቡ። መሐል ላይ ድንጋዩ ከዳባ እግር ሥር ከዳ፤ ውኃው እስከ አገጫቸው ደረሰ፤ ቀፎው ግን ከራሳቸው በላይ ቀረ። ፈድሊያ ቀበቷቸውን ይዛ እየጎተተች አወጣቻቸው። ቁርጭምጭሚታቸው ዞሯል።

«ያዢልኝ» አሉ።

«አጎቴ፣ እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ። ከተማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር፣ የወጣሁት ትልቁ ነገር ደረጃ ነው።»

«ቀፎው ሥራሽን አልጠየቀሽም። ሂጂ፤ እኔ እዚህ ተቀምጬ እግሬን እሰድበዋለሁ።» የመውጫውንና የመጎተቻውን ገመድ አንገቷ ላይ አጠለቁላት።

ቀፎውን በአናቷ ተሸክማ ዳገቱን ተያያዘችው። ቁጥቋጦው ተሰነጠቀና ጎሽ ወጣ። ቀንዱ ላይ ጭቃና ሐረግ ተንጠልጥሏል። ዛፍ ላይ ለማምለጥ ቀፎውን መጣል ነበረባት። አልጣለችም። ቆመች። «ቢስሚላህ» አለች በልቧ። ጎሹ ራሱን ነቀነቀ፤ መንገዱን አቋርጦ ጫካው ዋጠው።

ቀረሮው ሥር ሸኩር ቆንጨራውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። የመንደሯ ልጅ፣ የቀፎ ሰቃይ ልጅ ነው፤ አሁን ነጋዴው ቀጥሮታል።

«የከተማዋ እመቤት! ለዛፉ ዚፕ ልትቀይሪለት መጣሽ?»

«ልሰቅል ነው።»

«ማሎ ፈድሊያ፣ እባክሽ ተመለሺ። ገመድ ካሰርሽ እቆርጠዋለሁ። የተላክሁት ለዚሁ ነው።»

ክንዷ ከዚያ በላይ አልቻለም። ቀፎው አዘነበለ።

«ሸኩር፣ ያዝልኝ!»

ብድግ አለ። ቆንጨራው ከጭኑ ወደቀ፤ ሳያስበው ሁለት እጁ ቀፎውን ጨብጦ ነበር። ከዚያ የያዘውን አየ።

«ይሄ ግፍ ነው» አለ።

«ሕጋችን ነው። ከፈለግህ አስቀምጠው፤ መሬቱ ያውልህ።»

አላስቀመጠውም።

ገመዱን በግንዱና በወገቧ አዙራ፣ አባቷ ያደርጉ እንደነበረው እየገፋች ወጣች። ቅርፊቱ ጉልበቷን ላጠው። አንዴ ተንሸራተተች።

«ግራ እግርሽን! ከጉጡ በላይ!» ብሎ ጮኸ ሸኩር ከታች።

ቅርንጫፉ ላይ ተፈናጥጣ መጎተቻውን ለቀቀችለት። ገመዱ ፊቱ ላይ ተወዛወዘ። ሸኩር ወደ ወደቀው ቆንጨራ ተመለከተ። በኋላ ቀፎውን በትከሻው ደግፎ አሰረው።

«ጎትቺ።»

ሽማግሌዎቹ ዳባን ደግፈው ሲደርሱ አለቃቸው ወደ ላይ አንጋጠጡ።

«ማን ሰቀለው?»

«እሷ» አለ ሸኩር።

«ማን አቀበላት?»

ቆንጨራውን ከመሬት አላነሳም። «እኔ።»

አለቃው ወደ ወረዳው ሰው ዞሩ። «ጠባቂ አለው» አሉ።

«ውረጂ እንጂ!» ሲሉ ተጣሩ ዳባ። «ደረጃ አጣሽ?»

«ትንሽ ልቆይ፣ አጎቴ።» ጭጋጉ ተገፍፏል፤ የጎረቤቶቿ ቀፎዎች በየዛፉ አናት እስከ ወንዙ ድረስ ይታያሉ። አንዱ የሸኩር አባት ቀፎ ነበር።

ከሳምንት በኋላ አዲሱ ቀፎ ውስጥ ንቦች ገቡ።