የካፒቴኑ እህት

በ2003 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሰው ከሰው የተጣላው በድንበር አልነበረም፤ በሰማይ መርከብ ነበር።

መሐሪ በሀብትነሽ ቪዲዮ ቤት ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ፣ ማይክ ይዞ ፊልም ይተረጉማል። ለሦስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ የቆየ የጠፈር ተከታታይ ፊልም አስወደደን። በእሱ ትርጉም ካፒቴኑና አብራሪዋ ይዋደዳሉ፤ ጦርነቱ ግን አያገናኛቸውም። መሐሪ የካፒቴኑን ቃል ሲናገር ልብስ ሰፊዋ ሲሳይነሽ ሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ፍቅራቸው የተጀመረው ከዚያ ለቅሶ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት እሁድ ማንኩሳ፣ አባቷ ቤት ሽማግሌ ሊልክ ቀን ቆርጧል።

ታዲያ ያ ፊልም እንደ አዲስ ተሠርቶ መጣ፤ ያውም አዲስ አበባ ላይ በአማርኛ ተተርጉሞ። መሐሪ አይታይ ብሎ ለመነ።

«ሰው በሩን ሊሰብርብኝ ነው፣ ምን ልሁንልህ?» አለች ሀብትነሽ።

የድሮዋ መርከብ እንደ እንቅብ ክብ ነበረች። አዲሷ ጥቁርና ሹል ሆና ብቅ ስትል ቤቱ ተንጫጫ።

«ይች መርከብ ናት ማረሻ?» አለ የባጃጅ ሾፌሩ ቸኮለ።

«ዘመኑ ነው እንጅ! አንተ አርጅተህ እሷም ታርጅ?» አለችው አጠገቡ የተቀመጠችው መስከረም።

ክርክሩ ሳይበርድ አብራሪዋ ካፒቴኑን አቀፈችውና «ወንድሜ፣ እናታችን ባየችህ» አለችው።

ሰው ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ።

«ኧረ ነውር!» ቸኮለ ብድግ አለ። «ሦስት ዓመት የወደደችውን ሰው ወንድሟ አደረጉት?»

«አሻሻልን ብለው ገደሉት! መሐሪ፣ ተናገር እንጅ!» አለች መስከረምም።

ሁሉም ቴሌቪዥኑን ሲሳደብ ሲሳይነሽ ግን የመሐሪን ፊት አየች። አመድ መስሏል። ክው አለች።

ውጭ ጎትታ አወጣችው።

«በድሮውም ወንድሟ ነው፣ አይደል?»

አንገቱን ደፋ። «ነው።»

«መቼ አወቅህ?»

«ሦስተኛው ሳምንት ላይ። መጀመሪያ የሚዋደዱ መስሎኝ ነበር፤ እንግሊዝኛየን ታውቂው የለ? ሲገባኝ ግን አንች አልቅሰሽ ነበር። ቅዳሜ እንዳትቀሪብኝ ፈራሁ።»

«ከዚያ ወዲያ ያልኸው ሁሉስ?»

«የካፒቴኑ አይደለም። የእኔ ነው። ላንች ነው ያልሁት።»

ልቧ ደነገጠ፤ ደስም አላት፤ በደስታዋ ደግሞ ተናደደች።

«ሦስት ዓመት በፈረንጅ አፍ ተናገርህ። አሁን ደግሞ በሽማግሌ አፍ ልትናገር ነው። የራስህ አፍ የለህም?» ብላው ሄደች።

ሳምንቱን ሙሉ አላናገረችውም።

እሁድ ረፋድ ሦስት ሽማግሎች ማንኩሳ ደረሱ። በወጉ የልጅቱ አባት ተቀመጡ እስኪላቸው ድረስ ቆመው ይለምናሉ፤ ጠያቂው ልጅ ግን በዚያ ቀን በአካባቢው ዝር አይልም። አባቷ አያ ይሄይስ ከሽማግሎቹ ኋላ አራተኛ ሰው ቆሞ ሲያዩ ዓይናቸውን ማመን አቃታቸው።

«ይህ ማነው? ልጁ ራሱ? ኧረ ጉድ!»

«እንቢ ብሎን ነው፣ ይቅር ይበሉን» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ እያፈሩ።

መሐሪ ወደ ፊት ወጣ። «አያ ይሄይስ፣ ልጅዎን እወዳታለሁ። ፊልሙን ዋሽቼ ተርጉሜላታለሁ። ትናንት ለቪዲዮ ቤቱ ሰው ሁሉ እውነቱን ተናግሬ፣ ተሰድቤ፣ ሥራየን ለቅቄያለሁ። ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

አያ ይሄይስ መልስ ሳይሰጡ ሌላ ድንጋጤ መጣባቸው። ሲሳይነሽ ሳትጠራ ከጓዳ ወጣች።

«አባየ፣ ይህኛው ቃል የራሱ ነው» አለች።

አባትየው አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። ሽማግሎቹ መሬት መሬት ያያሉ።

«ሁለታችሁም አታፍሩም» አሉ በመጨረሻ። «ሂጅ፣ ለአራት ሰው መቀመጫ አምጭ።»