ሰም የተቀባችው ሎንግ ቤዝ

እስቲ መልሱልኝ፤ እናታችሁን ከሞት አፍ ያወጣች መኪና በዝገት ተበልታ ስታልቅ ብታዩ፣ «ምን ይደረግ፣ ብረት ናት» ብላችሁ ታልፋላችሁ? ብዙ ሰው ያልፋል። የሰው ውለታ እንኳን በሳምንቱ በሚረሳበት ዘመን ለብረት ማን ይጨነቃል!

መክሊት ግን አላለፈችም። ከጠዋቱ ፈረቃ እንደተመለሰች የትምህርት ቤት ልብሷን አውልቃ የአባቷን አሮጌ ቱታ ለበሰች፤ ጆንያ አነጠፈችና በክሪክና በድንጋይ ከፍ ከተደረገችው ሎንግ ቤዝ ሥር በጀርባዋ ገባች። በሽቦ ብሩሽ በፋቀች ቁጥር ዝገቱ እንደ በርበሬ ፊቷ ላይ ይረግፋል።

«አፍሽን ግጠሚ!» አለ አባቷ ዘውገ ጎንበስ ብሎ። «ስትለፈልፊ ዝገቱን ልትበዪው ነው።»

«ጨው ጨው ይላል፣ አባዬ።»

«ይላል እንጂ! እኔ እጅ ሳትገባ ከአፋር ሰቆጣ ጨው ስታመላልስ የኖረች ናት። ጨዉ ስንጥቋ ውስጥ ሁሉ ገብቷል። እርጥበት ባገኘ ቁጥር ይበላታል።»

ሎንግ ቤዟ ከኋላ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ያላት፣ ከላሊበላ ገነተ ማርያምና ሙጃ ሰው የምታመላልስ አሮጌ መኪና ናት። ቤተሰቡ የሚበላው በእሷ ነው። ግን ውለታዋ ይህ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ክረምት ላይ፣ የመክሊት እናት ወይንሸት ምጥ ጠንቶባት ሐኪሞቹ «ወልድያ አድርሷት» ሲሉ፣ የከተማው ሾፌሮች ሁሉ ጭቃውን ፈርተው እምቢ አሉ። ይህች መኪና ግን እየተንሸራተተች፣ እየጮኸች፣ በጋሸና ዞራ ወልድያ ደረሰች። እናትም ተረፈች፤ የመክሊት ታናሽ ወንድም ቢሆነኝም ተወለደ። ወይንሸት እስካሁን ከግቢ በወጣች ቁጥር የመኪናዋን ግንባር በመዳፏ ነካ ታደርጋለች። ጎረቤት ይስቅባታል። ይሳቅ! ያን ዕለት ከጎረቤት ማን ነበረ?

የሰሙን ነገር የመከራቸው ጋሽ አባስ ነው፤ ጅዳ ብዙ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ የሰፈሩ በያጅ። «እዚያ የባሕሩ አየር መኪናን በቁሟ ይቆረጥማታል፤ ስለዚህ ሆዷን ሰም ይቀቧታል። እዚያ በጣሳ ይሸጣል። እናንተ የማር አገር ሰዎች ምን ጎደላችሁ?» አላቸው። አሠራሩንም አስረዳቸው። ጠጅ ሲጣል የሚቀረው ሰፈፍ ይፈላል፤ ማሩ ለቆ እስኪወጣ ሁለት ጊዜ በጨርቅ ይጠለላል፤ ከዚያ ንጹሁ ሰም ከተልባ ዘይት ጋር ቀልጦ በሙቁ ይቀባል። ፍሬንና የጭስ ማውጫው ማርሚታ አይነካም።

ሰፈፉን የሰጠችው ጠጅ ቤት ያላት እትዬ ይማርሽ ናት። ማጥለሉ የልጇ የዘመን ፈንታ ነበር። ዘመን የመክሊት የክፍል ጓደኛ ነው፤ ነገር ማሳመር ይችልበታል። ባልዲውን አንጠልጥሎ እያፏጨ መጣ።

«ሁለቴ አጥልለኸዋል?»

«ሁለቴ ብቻ? በቅዱስ ላሊበላ፣ ሦስቴ ነው!»

መክሊት በጣቷ ነክታ ቀመሰችው። «ታዲያ ለምን ይጣፍጣል?»

«ጥሩ ሰም ስለሆነ ነዋ! አትነዝንዢ እንግዲህ፣ አይነፋም።»

ዘውገ ለቅሶ ለመድረስ ወጣ። ሁለቱ ልጆች የሰሙን ጣሳ የፈላ ውኃ ባለበት ድስት ውስጥ አስቀምጠው አቀለጡ፤ ሰም በቀጥታ እሳት ላይ ከተጣደ ይቀጣጠላል። ከዚያ መቀባት ጀመሩ። ሙቁ ሰም ስንጥቁ ውስጥ ሲሰርግ ማየት ደስ ይል ነበር። መክሊት «ጠጪ፣ የኔ እመቤት፣ ጠጪ» እያለች ትቀባለች፤ ዘመን ይስቃል።

የኋላው ባልስትራ ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት ቦታ ስትደርስ ግን የዝገት ቅርፊት አገኘች። በካቻቢቴ ነካ አደረገችው። ካቻቢቴው ጥርቅ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ዘመን አጎንብሶ ተጠጋ።

«ይሄ ብረት አይደለም እንዴ?» አለ ዘመን።

«ነበር።»

የሾፌር ልጅ ናትና ቦታው ምን እንደሆነ ታውቃለች። ያ ከተበጠሰ የኋላው እግር ይለቃል። ከገነተ ማርያም በላይ ባለው ጠመዝማዛ፣ መኪናዋ ሰው ሞልታ ስትወርድ፣ ቢለቅስ? ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልፈለገችም።

«በሰም ድፈኚዋ!» አለ ዘመን ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የገና በዓል እኮ ደርሷል። አባትሽ ካወቀ መኪናዋ ትቆማለች። ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ጠፍቶ ከርሞ፣ አሁን ምእመኑ ሲመጣ ልትቆሙ ነው? ካለፈ በኋላ ትነግሪዋለሽ።»

መክሊት አባቷ ስለ ገና ሲያወራ ፊቱ እንዴት እንደሚፈታ ታያት። ለብ ያለውን ሰም በጣቷ ዛቀች። ቀዳዳው ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ ከላይ በብሩሽ አለሰለሰችው። አማረ። እንዲያውም ከሌላው ቦታ ሁሉ አማረ።

ዘውገ ሲመለስ በደረቱ ተኝቶ አየ። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ!» አላት። መክሊት «አሜን» ሳትል ብሩሹን ማጠብ ጀመረች።

በማግስቱ ጠዋት ቢሆነኝ «ንብ! ንብ!» እያለ እየጮኸ ገባ። የላስታ ንብ ሁሉ የተጠራራ ይመስል ሎንግ ቤዟ ሥር ግር ብሏል። ዘውገ ሊጠጋ ሲል ጆሮውን ተነደፈ። ጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ይስቃል። በዚያው የሚያልፍ ደግሰው የሚባል ሌላ ሾፌር የራሱን መኪና አቁሞ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«ዘውገ! ቀፎ አደረግካት እንዴ? ለመንገደኛው ማር ልታድል ነው?»

«ሂድ ወደ ሥራህ!» አለ ዘውገ ጆሮውን ይዞ።

መክሊት እስከ ጠጅ ቤቱ ሮጠች። ዘመን በር ላይ ጥርሱን ሲፍቅ አገኘችው።

«ስንቴ ነው ያጠለልከው?»

መፋቂያውን ከአፉ አወጣ። «መክሊት...»

«ስንቴ?»

«አንዴም። ቶሎ አልቆ ኳስ ልሄድ ብዬ... ሼም ነው፣ አውቃለሁ።»

ስድቡ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ውሸታም፣ በሐሰት የሚምል፣ ቀላል። አንዱም አልወጣም። ጥፍሯ ሥር የትናንቱ ሰም ገና አለ። አየችውና እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ትልቁን ድስት ይዘህ ና» አለችው ብቻ።

ንቦቹ ከሰዓት ሲበተኑ ሁሉንም በፈላ ውኃ ማጠብ ጀመሩ። ዘመን አንድ ቀልድ እንኳን ሳይናገር ፋቀ። የባልስትራው ቦታ ሲደርሱ የደፈኑት ሰም ቀልጦ ወረደና ቀዳዳው ወለል ብሎ ታየ።

«አሁንም ማንም አላየም» አለ ዘመን በሹክሹክታ።

«እኔ አይቻለሁ» አለችና ከመኪናዋ ሥር ወጣች። «አባዬ! ና፣ ግባ።»

«ምን ተገኘ?»

«ግባና ጣትህን እዚህ አድርግ።»

ዘውገ ገባ። ጣቱን አስገባ። ዙሪያውን በአውራ ጣቱ እየተጫነ መረመረው።

«መቼ ነው ያየሽው?»

«ትናንት። በሰም ደፍኜው ነበር።»

«ለምን?»

«ገና ስለደረሰ። እንዳታዝን።»

ሲወጣ ይቆጣል ብላ ጠበቀች። ቢመታትም ትቀበለው ነበር። እሱ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የተነደፈ ጆሮውን እያሻሸ ወደ ሙጃ የሚወስደውን ተራራ አየ። «ነገ ሙጃ ልወጣ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «የደብሩ አስተማሪና ልጆቻቸው ተሳፋሪዎቼ ነበሩ።» ከዚያ ተነሣ፤ ዝገት የሞላውን የልጁን ራስ በሁለት እጁ ይዞ ሳመ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ መክሊት» አላት። እንዲህ ብሎ የሚያመሰግነው ትልቅ ሰውን ነበር። «ልጄ» ሳይል በስሟ ጠርቶ፣ እንደ ትልቅ ሰው። ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

ዘውገ ሲደውልለት ጋሽ አባስ ስልኩን እንደዘጋ መጣ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ጀነሬተሩን በባጃጅ ጭኖ ነው። ከመኪናዋ ሥር ገብቶ ወጣና ራሱን ነቀነቀ።

«ሰሙ እንዳለ ጠርታችሁኝ ቢሆን፣ ወላሂ ገና የመጀመሪያው ብልጭታ ጢሜን ይወስደው ነበር! ንቦቹን አመስግኑ።» ከዚያ ወደ መክሊት ዞረ። «አብሽሪ፣ የኔ ልጅ። እኔም ስንቱን ደፍኛለሁ መሰለሽ?»

የተበላውን ብረት ቆርጦ አወጣ። በቦታው ወፍራም ላሜራ በየደ፤ መዶሻ አንሥቶ እስኪያልበው ደበደበው። አልነቃነቅም አለ። ወይንሸት ምሳውን በአገልግል አመጣችለት፤ ከራሱ ቤት፣ ከሚስቱ ከሐምዲያ ዘንድ አስመጥታ ነበር፣ ሙስሊም ስለሆነ ያለ ሐሳብ እንዲበላው ብላ። እትዬ ይማርሽ ደግሞ ሰፈፉን በዚህኛው ጊዜ ራሷ አፍልታ፣ ራሷ አጥልላ፣ የዘመንን ጆሮ በአንድ እጇ ይዛ መጣች። «እነሆ ሰምሽ፤ ይኸውልሽ ውሸታምሽም» አለቻት። መክሊት ሳቀች። ሙቁን ሰም እንደገና ስትቀባ፣ ብረቱ ብቻ ሳይሆን ግቢው ውስጥ የቆመው ሰው ሁሉ የመኪናዋ አካል መሰላት። አንድም ንብ አልመጣም።

ቅዳሜ፣ የገበያው ቀን፣ መናኸሪያው ግጥም ብሎ ነበር። ሎንግ ቤዟ ተራ ይዛለች። መክሊት የኋላውን በር ይዛ «ገነተ ማርያም! ሙጃ!» እያለች ትጣራለች። ወንበሩ ሊሞላ ሲል ደግሰው እጁን ኪሱ ከትቶ ከኋላ መጣ። ቀጣዩ ተራ የእሱ ነው።

«እናንተ ሰዎች፣ ነፍሳችሁ ረከሰችባችሁ?» አለ ጮክ ብሎ። «ይህች መኪና እኮ ሻንሲዋ ብስብስ ብሏል! በሰም ደፍነዋት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ንብ ሳይቀር ያውቃል!»

አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት ሴትዮ ግን ሕፃኗን አቅፋ ወረደች። ሁለት ቄሶች ተያዩና ተከተሏት። ተራ አስከባሪው መጣ። ዘውገ ፊቱ ተለዋውጦ ከጋቢናው ወረደ።

«ተይው፣ ልጄ» አላት በጆሮዋ። «ተራችንን እንልቀቅ።»

መክሊት ግን የወረደችውን ሴትዮ አየች። ፈርታ ነው፤ መፍራቷም ልክ ነው። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ላይ፣ ቀዳዳው ሳይበየድ፣ ብትፈራ ኖሮ ደግሞ የበለጠ ልክ ትሆን ነበር። ዝም ብላ መኪናዋን ይዛ መመለስ ትችላለች። «ውሸት ነው!» ብላ መጮህም ትችላለች። ሁለቱም ቀላል ነበሩ።

ወንበሩ ላይ ወጥታ ቆመች።

«ቀዳዳ ነበረ» አለች። ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። «በሰም የደፈንኩትም እኔ ነኝ፤ አባቴ አያውቅም ነበር። ከዚያ ራሴ ነገርኩት። ቆርጠው አወጡት፣ ጋሽ አባስ በየደው። አሁን ሰሙ ያለው ከብረት ላይ ነው።»

«ነበረ ትላለች! ሰማችሁ?» አለ ደግሰው። «ከራሷ አፍ!»

መክሊት ከወንበሩ ወረደች። ጆንያዋን አውጥታ ከመኪናዋ ሥር አነጠፈችው፤ የአባቷን መዶሻ ከመኪናዋ አውጥታ እጀታውን ወደ ደግሰው አዞረች።

«ጋሽ ደግሰው፣ ሾፌር ነዎት፤ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ይተኙና ይግቡ። የፈለጉትን ቦታ ይምቱ፣ ሰሙንም ይፋቁት። ከዚያ ይውጡና፣ ያችን እናት ፊት ለፊት እያዩ፣ ምን እንዳገኙ ሁሉም ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለው ይናገሩ!»