ገመዱ ተነቅሎ አቤት ያለኝ

ያመነ ይመን፣ ያላመነም መብቱ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ በራሴ የደረሰውን ነው። የዚህን ገጽ አድሚን የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሜን እንዳያወጣ።

ደግሞ ጨለማና የውሻ ጩኸት እንዳትጠብቁ። ዕለቱ እሁድ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ከሩብ ነበር። ጠራራ ፀሐይ።

ሥራዬ ኔትወርክ ነው። ድርጅታችን በየከተማው ያሉ የሥጋ ማቀዝቀዣ ክፍሎችን ከአንድ ቢሮ ይቆጣጠራል። ቅዝቃዜያቸውን አያለሁ፣ በራቸውን እቆልፋለሁ፣ እከፍታለሁ። ሁሉንም ከወንበሬ ሳልነሳ። የዚያን ቀን ተረኛ ነበርኩ። ሕንፃው ውስጥ ከኔ በቀር ማንም የለም።

ስልኬ ጠራ። ጋሽ ፒንሳ ናቸው።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ፒንሳ ከኪሳቸው ጠፍቶ ስለማያውቅ ነው ስሙ የወጣላቸው። አንድ ሕግ ነበራቸው፤ "ቅርቡን ሳትፈትሽ ሩቁን አትክሰስ።" መስመር እምቢ ሲል መጀመሪያ የራስህን ገመድ እይ ማለታቸው ነው።

"አንተ ልጅ፣ በሩ ተዘጋብኝ።"

ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው፣ አንዱ ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ ናቸው። የበሩ የውስጥ እጀታ ተበላሽቶ ሊጠግኑ ሄደው ነበር። እጀታውን ፈትተው እንዳወጡት በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

"እጀታውስ?"

"እጄ ላይ። በል ሥጋ ሆኜ ሳልቀር ክፈትልኝ።"

ሳቅን። ግን ክፍሉ ከዜሮ በታች ሃያ ዲግሪ ነው። ጃኬታቸውን ውጭ ሰቅለውታል። የዚያ ግቢ ዘበኛ ስልክ አያነሳም።

የበሩን ፕሮግራም ከፈትኩ።

"መገናኘት አልተቻለም።"

ደገምኩ። ያው ነው።

ፒንግ አደረግሁ። ለማታውቁት... ፒንግ ማለት ግቢ በር ላይ ቆሞ "ቤቶች!" እንደ ማለት ነው። በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማሽን ደህና ከሆነ "አቤት" ይላል። ኮምፒውተሩም መልሱ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ በቁጥር ይጽፍልሃል። ከሩቅ ሲመልስ ቁጥሩ ትልቅ ነው። ከቅርብ ሲሆን ትንሽ።

180... 180... 181።

"መስመሩ ደህና ነው ጋሽዬ። የደነዘዘው በሩን የሚከፍተው ሳጥን ነው። እዚያው ግድግዳው ላይ አለ፤ ገመዱን ነቅለው ይመልሱት።"

"ነቀልኩት።"

ቁጥሩ መቆም ነበረበት።

140... 138...

"ነቀሉት?"

"ነቀልኩት አልኩህ። ገመዱ እጄ ላይ ነው። የሳጥኑም መብራት ጠፍቷል።"

95።

"ጋሽዬ... አሁንም እየመለሰልኝ ነው።"

 

"ታዲያ ማን ነው አቤት የሚልህ?" አሉ በሹክሹክታ።

60...

ፈራሁ። ግድግዳ ላይ በብሎን የታሰረ ሳጥን አይራመድም። ቁጥሩ ግን በየሴኮንዱ ይወርዳል። የሆነ ነገር መንገዱን ይዞ ወደኔ እየመጣ ነበር።

22... 9...

"የራስህን... ገመድ አይተሃል?" ድምፃቸው መጎተት ጀምሯል።

አላየሁም። በድንጋጤ ሕጋቸውን ረስቼው ነበር። ጎንበስ ብዬ ጠረጴዛው ሥር አየሁ።

ገመዴ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ጠዋት የፅዳት ሠራተኛዋ ስትወለውል ነቅላው ሄዳለች።

ኮምፒውተሬ ከጠዋት ጀምሮ ከማንም ጋር አልተገናኘም።

ቀና አልኩ።

0።

ከዚያ ስክሪኑ ላይ "ተገናኝቷል" የሚል ጽሑፍ መጣ። ከሥሩ "ክፈት" ይላል።

"ጋሽዬ፣ ገመዱን መለሱት እንዴ?"

"አልመለስኩም..." ጥርሳቸው ይንገጫገጫል። "አትንካው ልጄ።"

"ጋሽዬ?"

"እንቅልፌ... መጣ።"

ብርድ ውስጥ እንቅልፍ ሲመጣ ምን ማለት እንደሆነ የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው። የምከፍተው የማንን በር እንደሆነ አላውቅም። ብተወው ግን እኚህ ሰው ስልክ ላይ እያዳመጥኳቸው ይሞታሉ።

ተጫንኩት።

ቀጭ።

ድምፁ በስልኩ መጣ። ከኋላዬም መጣ።

የቢሮዬ በር ነው። መከፈቱን ሳልዞር አወቅሁ፤ ቅዝቃዜው ወለል ለወለል መጥቶ ቁርጭምጭሚቴን ያዘኝ።

"ተከፈተ... ልጄ፣ ወጣሁ። ፀሐይ ላይ ነኝ።" አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። ዞሬ ለማየት ግን አልደፈርኩም።

"ዘበኛውን ተባረክ በልልኝ" አሉ ትንሽ ቆይተው። "በሩ ላይ ደግፎ አወጣኝ። እጀታውንም ከእጄ ተቀበለኝ።"

ወዲያው በስልኩ ውስጥ የሌላ ሰው ድምፅ ሰማሁ። ከሩቅ እየሮጠ የሚመጣ ሰው ድምፅ ነው።

"ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ምሳ ልበላ ወጥቼ እኮ ነው..."



በዚያው ቅጽበት ከጎኔ አንድ ከባድ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ በቀስታ ሲቀመጥ ሰማሁ።

የበር እጀታ ነው። አመዳይ ለብሷል።

ጋሽ ፒንሳ ከሳምንት በኋላ ቢሮ መጥተው አዩት። አመዳዩ ላይ አራት የጣት አሻራ አለ። የራሳቸውን ጣቶች አስጠግተው ለኩ። ከዚያ የኔን ለኩ። የሁለታችንም አይደለም፤ ይረዝማል። ፒንሳቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ሄዱ። ወደ ሥራ አልተመለሱም።

እኔ እጀታውን ልጥለው ፈራሁ። ባለቤቱ ቢመጣ ምን ልለው ነው?

መስኮቱ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ ፀሐይ ይመታዋል። ይኸው ሁለት ወሩ፣ አመዳዩ አልሟሟም።

እስከ ትላንት አሻራው አራት ነበር።

ዛሬ ጠዋት አውራ ጣቱም ታይቷል።