ወለሉ ላይ የተነጠፈው ፕላን

ዶክተር ተወልደብርሃን የሞቱት በገዛ ሥራቸው ላይ ነው። ገርጂ ባለው ቤታቸው፣ የጥናት ክፍላቸውን ወለል በሙሉ በሸፈነው የአንድ ጥንታዊ ውቅር ቤተ ክርስቲያን ፕላን ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸውን የመታቸው ድንጋይ የወረቀቱን ጠርዝ እንዲይዙ ከተቀመጡት አራት ድንጋዮች አንዱ ነበር።

መርማሪው መቶ አለቃ እንድሪስ የበሩ ደፍ ላይ ቆሞ ወለሉን ለረጅም ጊዜ አየ። ነሐሴ 1988 ነው፤ የሰፈሩ ጭቃ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። በነጩ ወረቀት ላይ ግን ከበሩ እስከ አስከሬኑ የሚታየው የአንዲት ሴት የጎማ ጫማ ዱካ ብቻ ነው።

«የእኔ ነው» አሉ የሟች ባለቤት ወይዘሮ የሺመቤት። «ጓሮ ጎመን ስቆርጥ ተማሪው አብኔዘር ተጣራ። ሃያ ዓመት ሙሉ እንግዳውን ሁሉ ‹ጫማህን አውልቅ› ስል ኖሬ፣ ዛሬ እኔው ረግጬው ገባሁ።»

«ዶክተሩ ዛሬ ማንን ይጠብቁ ነበር?»

«ሁለቱን ተማሪዎቹን። ጣሊያን ለአንድ ዓመት ምርምር የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። የድጋፍ ደብዳቤውን ጽፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦት ነበር። አሁን የለም።»

ሁለተኛዋ ተማሪ ቤዛዊት በረንዳው ላይ ቆማለች።

«ትናንት ከዶክተሩ ጋር ተጣልተሻል አሉ።»

«ተጣልቻለሁ። አብኔዘር ለውድድሩ ያስገባው ልኬት የእኔ ነው። ሦስት በጋ ሜትር ይዤ ዋሻ ለዋሻ ስድህ እሱ ከተማ ነበር። ‹ለምን ዝም ይላሉ?› አልኳቸው።»

«ዛሬስ?»

«መገናኛ ታክሲ አጥቼ ዘገየሁ። ስደርስ እትዬ የሺ እያለቀሱ ነው። አልገባሁም።»

አብኔዘር ፊቱ አመድ መስሏል። «ከበሩ ወድቀው አየኋቸው። ሮጬ ገብቼ ትንፋሻቸውን አዳመጥኩ፤ ከዚያ በመስኮት እትዬን ተጣራሁ።»

«ትንሽ እንኳ ቆም አላልክም?»

«ምን መቆም አለ፣ መቶ አለቃ? አባቴ ማለት ናቸው እኮ።»

እንድሪስ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበ።

«አብኔዘር ሮጬ ገባሁ ይላል። ጫማው እስከ አንገቱ ጭቃ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ግን ዱካው የለም።»

«ልማድ ነው» አለ አብኔዘር። «ሳላስበው አውልቄ ይሆናል።»

«ጫማህ ባለማሰሪያ ቡትስ ነው። ሰው ወድቆ እያየህ ደፍ ላይ ጎንበስ ብለህ ሁለት ማሰሪያ ፈታህ? የቤቱ እመቤት እንኳ ልማዳቸውን ረስተው ገብተዋል። አንተ ያወለቅኸው ዶክተሩ ቆመው ‹ግባ› ስላሉህ ነው። ወደ ፕላኑ ሲያጎነብሱ መታሃቸው። ቤዛዊትም ተቆጥታ ነበር፤ ግን እንዳንተ አልዋሸችም። ደብዳቤው የማንን ስም እንደያዘ አሁን እናያለን። ጃኬትህን አምጣ።»

ደብዳቤው ከገበሩ ውስጥ ወጣ። እንድሪስ አነበበው፦ «በአቶ አብኔዘር ስም የቀረበው ልኬት የወይዘሪት ቤዛዊት ሥራ ነው። መሄድ የሚገባት እሷ ናት።»

«ያችን አንዲት መስመር እንዲያወጡልኝ ነበር የለመንኳቸው» አለ አብኔዘር፣ ወለሉን እያየ።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ቤዛዊት ወደ እንድሪስ ተጠጋች። «ደብዳቤው ይላካል?»

«ማስረጃ ነው፣ እህቴ። ፍርድ እስኪሰጥ ከመዝገቡ አይወጣም።»

«ማመልከቻው ዓርብ ይዘጋል። ሌላ የሚመሰክርልኝ ሰው የለም።»

እንድሪስ ደብዳቤውን ፖስታ ውስጥ ከትቶ አሸገ፤ ላዩ ላይም የመዝገቡን ቁጥር ጻፈበት።