እሁድ እሁድ የሚበላሸው ሳብዉፈር

ዕፀገነት ከሆስፒታል የሌሊት ተረኛነቷ ስትመለስ ጫማዋን የምታወልቅበት አቅም እንኳ አልነበራትም። ገና በማለዳው የነገሌ ፀሐይ ቆርቆሮውን ማጋል ጀምሯል። አባቷ ሃምሳ አለቃ ተክሉ በቫዝሊን የወዛ መዳፋቸውን አዲሱ ሳብዉፈር ላይ፣ ወፍራሙን ድምፅ በሚያወጣው የሆም ቲያትሩ ሳጥን ላይ፣ አሳርፈው ተቀምጠዋል።

«ዛሬም አይመታም!» አሉ፣ እንደ ልማዳቸው እየጮኹ።

ሃያ ዓመት መድፍ ሲተኩሱ ኖረው ጆሯቸውን ለመድፉ ትተውለት ነው የወጡት። የቀረቻቸው ከበሮ ናት፤ እሷንም የሚሰሙት በመዳፍና በደረታቸው ነው። ዕፀገነት ሆም ቲያትሩን ከአዲስ አበባ ያስመጣችው ለዚሁ ነበር። በወሩ መጨረሻ ወደ ቡሌ ሆራ ትዛወራለች፤ አባቷ ደግሞ «ከነገሌ የምወጣው በቃሬዛ ነው» ብለዋል። ብቻቸውን ሲውሉ ከበሮ እንኳ ይኑራቸው ብላ ነው። ምን ያደርጋል፣ ትንንሾቹ ስፒከሮች ይጮኻሉ፣ ባሱ እንደ በሽተኛ ያቃስታል።

ገበያው ዳር ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው አረሮ ሱቁን ዘግቶ በእሁድ ቀኑ መጣ። ነገር የማያበዛ፣ ቀጭን የቦረና ልጅ ነው።

«አካም፣ ሲስተር? ናጋ?»

«ናጋ። ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።»

ገመዱን አየ፤ ደህና ነው። ከዚያ ድምፁን ለስፒከሮቹ የሚያከፋፍለውን የሪሲቨሩን ማስተካከያ ቴሌቪዥኑ ላይ ከፍቶ ብዙ ቆየና ሳቀ።

«ሪሲቨሩ ሳብዉፈር እንዳለው አያውቅም። ትንንሾቹን ትልልቅ ናቸው ብሎ መዝግቦ፣ ወፍራሙን ድምፅ ሁሉ እነሱ ላይ ጭኗል። ትልቁ ሥራ ፈትቷል።»

«እንደኔ ቤት ነዋ! ሁሉም አንድ ሰው ላይ» አለች። ለቀልድ ያለችው ነበር፤ ድምፅዋ ግን አልቀለደም።

አረሮ ቀና ብሎ አያት፤ ዐይኑንም ቶሎ አልመለሰም። ሰው እንዲህ ካያት ስንት ጊዜዋ!

ማስተካከያውን ሲጨርስ ከበሮው ወለሉን ነቀነቀው። የሃምሳ አለቃ ዐይን እንባ ሞላ። ዕፀገነትም ሳቀች፤ የሳቀችበትን የመጨረሻ ቀን ራሷም አታስታውሰውም።

በሳምንቱ ባሱ ጠፋ። አረሮ ከሳጥኑ ጀርባ ያለችውን የድምፅ ማዞሪያ እስከ ታች ወርዳ አገኛትና ከፍ አደረጋት። ሻይ እየጠጣ ስለ አገሩ ስለ ዱብሉቅ ጉድጓዶች አጫወታት፤ ሰዎች ከሥር እስከ አፍ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ውኃውን እንዴት እንደሚቀባበሉ። «እዚያ ብቻውን የሚቀዳ የለም» አላት። ይህን እየሰማች እንቅልፍ ወሰዳት። ስትነቃ እሱ ሄዷል፤ ጋቢ ደርቦላታል።

በሦስተኛው እሁድ ያቺው ማዞሪያ እንደገና ወርዳ ተገኘች። ዕፀገነት ሌሊቱን ሙሉ ዐይኗን አልከደነችም፤ ሆድ ብሷታል።

«ይቺ በራሷ ትዞራለች እንዴ?»

«በራሷማ አትዞርም» አለ አረሮ፣ ከፍ እያደረጋት።

«እንግዲያው አንተ ነህ! ስትወጣ ዝቅ እያደረግህ፣ የመመላለሻ ሰበብ ታበጃለህ። በሰው ድካም ይቀለዳል?»

አረሮ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ሃምሳ አለቃን አየና ተወው። ካቻቢቴውን ቦርሳው ውስጥ ከቶ፣ «እሺ፣ ሲስተር» ብሎ ወጣ።

ጋደም ብትልም እንቅልፍ እምቢ አላት። ውኃ ልትጠጣ ስትወጣ አባቷን ከሳጥኑ ጀርባ አጎንብሰው አገኘቻቸው። አረሮ ከፍ ያደረጋትን ማዞሪያ ወደ ታች እያዞሩ ነው።

«አባዬ! አንተ ነህ?»

ቀና ሲሉ አዩዋት፤ ከንፈሯን አነበቡ። የማፈር ነገር የለባቸውም።

«መድፈኛ ነኝ፤ ዒላማዬን አውቃለሁ» አሉ። «ያ ልጅ ሲመጣ ትስቂያለሽ። ሳቅሽን አልሰማውም፤ አየዋለሁ ግን። ከበሮው ይቅርብኝ።»

ዕፀገነት እንባዋን እየጠረገች ወጣች። አረሮን ከተዘጋው ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ አገኘችው።

«ይቅርታ፣ አባቴ ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ። ካለፈው እሁድ ጀምሮ ማዞሪያዋ ላይ ቫዝሊን ነበረ።»

«ታዲያ እንደዚያ ስሰድብህ ለምን ዝም አልክ?»

«ሽማግሌ ልጃቸው ፊት አላሳጣም።» መሬት መሬቱን አየ። «ደግሞ እኔም እሁድን መጠበቅ ለምጄ ነበር።»

ከመናኸሪያው በኩል የአውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ።

«ልሄድ እኮ ነው፣ አረሮ። እሱን ብቻውን ትቼ። ደክሞኛል፤ በጣም ነው የደከመኝ።»

«ሂጂ። እሁድ እሁድ እኔ ከሳቸው ጋር ነኝ፤ ስትመጪም እዚሁ ታገኚኛለሽ። እሺ ካልሽኝ ደግሞ ሽማግሌ እልካለሁ።» ቀና ብሎ አያት። «ብቻሽን አትቅጂ፣ ዕፀገነት።»

ሲስተር አላላትም። በስሟ ሲጠራት የመጀመሪያው ነው።

«ላክ» አለችው።

አብረው ወደ ቤት አቀኑ። ሃምሳ አለቃ ደጃፉ ላይ ቆመው መንገዱን ይጠብቃሉ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲመጡ ከሩቅ አዩና፣ ምንም ሳይሉ ዞረው ወደ ቤት ገቡ። ትንሽ ቆይቶ የቆርቆሮው አጥር እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ከበሮው መታ።

«ተሠርቷል!» ሲሉ ጮኹ ከውስጥ። «ከእንግዲህ አይበላሽም!»