አንቱ ያሰኘው በርጩማ

ጠጋ ጠጋ በሉ። መብራቱ ሄዷል። ሻማም አትለኩሱ። ይህ ነገር ጨለማ ይወዳል።

ድሮ ነው። መንደሩን አልነግራችሁም። ፀሐይ ጠልቃለች፤ ከብቱ በረት ገብቷል። መንገዱ ቀጭን ነው፤ በግራ ቁጥቋጦ፣ በቀኝ ገደል። በዚያ መንገድ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይሄዳል። ጭንቅላቱ ላይ በርጩማ ደፍቷል።

አዎ፣ በርጩማ። ምን ያስቃችኋል?

ሰውየው ዘርጋው ይባላል። እናትም አባትም ሞተውበታል። ወንድም የለው፣ አጎት የለው። የወረሰው አሮጌ ዕቃ ብቻ ነው፦ አፉ የተሸረፈ ብርሌ፣ ከአፎቱ አልወጣ ያለ ጎራዴ፣ ብል የበላው ለምድ፣ ከዚያ ደግሞ ይህ ባለ ሦስት እግር በርጩማ። የቅድመ አያቱ የግራዝማች መሸሻ ነበር። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ማንም ተቀምጦበት አያውቅም። እናቱ በሕይወት ሳለች፣ እንግዳ ሊቀመጥበት ጎንበስ ሲል፣ "ኧረ ተው፣ ሰው አለበት!" ትል ነበር። ዘርጋው ቀልድ መስሎት አደገ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ይመስላችሁ ነበር?

ዘርጋው አትጠገብን ይወዳል። አትጠገብ የአቶ እንግዳሸት ልጅ ናት፤ እሷም አትጠላውም። አባቷ ግን አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፦ "ሽማግሌ ላክ።" ሽማግሌ ከየት ያምጣ? ዘመድ የሌለው ሰው ማን ይቆምለታል? በዚያ ላይ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ለእሑድ ሽማግሌ ሊልክ ነው ተብሏል። ከእሑድ በኋላ አትጠገብ የለችም ማለት ነው።

ስለዚህ ከወንዙ ማዶ ያሉትን አያ ሽበሺን ሊለምን ተነሣ። አያ ሽበሺ እጅ መንሻ ካላዩ ከደጃቸው ንቅንቅ አይሉም። የድሮ ዕቃ ደግሞ ነፍሳቸው ነው። "በርጩማውን ሲያዩ አያስችላቸውም" አለ ዘርጋው።

ደፋው። እንደ ባርኔጣ። አንዱ እግር በግራ ጆሮው፣ አንዱ በቀኝ ጆሮው፣ ሦስተኛው በማጅራቱ። ሁለቱን በእጆቹ ጨበጠ። ቀና ማለት አይችልም።

ይህን ያዙልኝ። ቀና ማለት አይችልም።

እንጨት የተሸከመች ሴት መጣች። ስታየው ከመንገድ ወጣች።

"እንደምን አመሹ፣ ጌታዬ?"

ዘርጋው ቆመ። አመሹ? ጌታዬ? እስከዚያች ምሽት ድረስ የሰፈሩ ውሪ ሁሉ አንተ ነበር የሚለው። ውሻ እንኳ ሲጮኽበት አንተ እያለ የሚጮኽ ይመስል ነበር።

"እግዜር ይመስገን። አንቺስ?" አለ፣ ድምፁን ወፈር አድርጎ።

ዓይኗ ግን እሱ ላይ አልነበረም። ከእሱ ከፍ ያለ ቦታ ነበር። ሰውን ማክበር እንዲህ ነው እንዴ? አለ በልቡ። ደስ አለው። ደረቱን ነፍቶ ሄደ።

በርጩማው ከበድ አለው። አንገቴ ደክሞ ነው አለ።

ቀጥሎ አህያ የሚነዱ አዛውንት መጡ። አህያዋ እግሯን ተከለች፤ አልሄድም አለች። አዛውንቱ እስከ ጉልበታቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ።

"ግራዝማች፣ እንደምን ሰነበቱ?"

ዘርጋው ሳቁ መጣ። ገና ሚስት ሳያገባ ተሾመ?

"ደኅና ነኝ አባቴ" አለ።

አዛውንቱ ተቆጡ። "አንተን ማን ጠየቀህ? ይልቅ ቀጥ ብለህ ሂድ፤ አታንገላታቸው!"

"ማንን?"

አህያዋን በሌላ በኩል ጎትተው ሄዱ።

ማንን? እስቲ ንገሩት። ማንን?

በርጩማው ከበደ። ጭድ ነበር፣ ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ከላይ አንድ ነገር ወረደ፤ ከዓይኑ ፊት ተንጠለጠለ። እግር ነው። የቀኝ እግር። ተረከዙ የተሰነጣጠቀ፣ ቀለሙ አመድ የመሰለ። ትንሽ ቆይቶ የግራው መጣ። ሁለቱ መወዛወዝ ጀመሩ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሬት እንዳልደረሰ ልጅ።

"ወዴት ነው የምትወስደኝ?" አለ ድምፅ ከላይ።

"አያ... አያ ሽበሺ ዘንድ።"

"ምን ሊያደርግልህ?"

"ሽማግሌ ሊሆኑልኝ።"

"እኔስ ምን ጎደለኝ?"

እውነትም ምን ጎደላቸው? ከሕይወት በቀር?

ዘርጋው በርጩማውን ሊጥል ታገለ። ከራሱ አልላቀቅ አለ። ሊጮኽ አፉን ከፈተ፤ ተረከዞቹ እንደ በቅሎ ደረቱን ኮለኮሉት። ሮጠ። ወደ ግራ ሲኮለኩሉት ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲኮለኩሉት ወደ ቀኝ። የቆመው አቶ እንግዳሸት ደጅ ነው።

ውሻው አልጮኸም። በሩ ተከፈተ።

"ኖር! ኖር!" አሉ አቶ እንግዳሸት። የቤቱ ሰው ሁሉ ብድግ አለ።

"በእግዜር" አለ ድምፁ።

በሩ ዝቅ ያለ ነው። ዘርጋው ተንበርክኮ፣ በጉልበቱ እየዳኸ ገባ። አትጠገብ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። አየችው። አይ፣ አላየችውም። ከእሱ በላይ ነው ያየችው።

"ሽማግሌ እስኪፈቀድለት ቆሞ ነው የሚጠይቀው" አሉ አቶ እንግዳሸት እየተቅለሰለሱ። "እርስዎ ግን ተቀምጠው መጡ። ተቀምጦ የመጣን ሽማግሌ በምን አፌ እምቢ እላለሁ? ምን ፈልገው ነው?"

"ልጅህን።"

"ለማን?"

እግሮቹ መወዛወዝ ተዉ። ግራዝማች መሸሻ ሚስታቸው ከሞተች ስንት ዘመን ሆነ? እሳቸውስ ከሞቱ?

"ለእኔ" አሉ።

"ለእኔ ነው እንጂ!" ጮኸ ዘርጋው ከታች።

"ዝም በል!" አሉት አቶ እንግዳሸት። "ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ የበርጩማ እግር አይናገርም!"

"አትጠገብ፣ አንቺ እንኳ ንገሪያቸው!"

አትጠገብ አፍራ አንገቷን ደፋች። "ምን ልበል ዘርጋው? ሽማግሌ ላክ ተባልክ፤ ላክህ። እሳቸውም ጠየቁ። አባቴም ሰጠ። አንተ ራስህ ተሸክመህ አምጥተህ..."

ይኸው ነው።

የመልሱ መንገድ ጨለማ ነው። አሁን ግራው ገደል፣ ቀኙ ቁጥቋጦ። ዘርጋው ይሄዳል። ከዓይኑ ፊት አሁን አራት እግሮች ተንጠልጥለዋል። ሁለቱ የተሰነጣጠቁ ናቸው። ሁለቱ ትንንሽ ናቸው፤ እንሶስላ ሞቀዋል፣ በጨለማ እንኳ ይቀላሉ። የአንደኛው ትንሽ እግር ጣት አፍንጫውን ነካው። በረዶ ነው።

"ዘርጋው" አለች ከላይ፣ ያቺ የሚወዳት ልጅ። "ቀስ በል። ያወዛውዛል።"

አስቀመጣቸው? የት ያስቀምጣቸው? እስካሁን እየሄደ ነው።

በሉ፣ ተነሡ፣ ወደየቤታችሁ። ብቻችሁን እንዳትሄዱ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።

ግን ጎን ለጎን።